በአንድ ዓይን የተሣሉት መሪጌታ

ከአዳም ልጆች ምግባር ሁሉ እጅግ የሚያስከብረውና እጅግም የሚያስፈራው፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የሌላውን ሰው መልክ በእጅ መሥራት ነው፤ ፊደል የጻፈ ሰው ቢሳሳት ፍቆ ያርማል፣ ቤት ያቆመ ሰው ቢሳሳት አፍርሶ ይሠራል፣ የባልንጀራውን ገጽ በቀለም ያኖረ ሰው ግን በተሳሳተ ጊዜ ስሕተቱ ከግድግዳው አልፎ ወደ ተመልካቹ ልቡና ስለሚገባ ፍቀትም ፍርሰትም አይደርስበትም። የቀደሙት የአገራችን ሠዓልያን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና ለሥራቸው ጽኑ ሕግ አበጁለት፤ ጻድቁን ሙሉ ገጹን ወደ ተመልካቹ መልሰው ሁለት ዓይኖቹን ወለል አድርገው ይሥሉታል፤ ኃጥኡን፣ ከሃዲውንና ርኩሱን መንፈስ ግን በጎን አዙረው አንዲት ዓይን ብቻ ይሰጡታል። ይህን ሕግ የቤተ ክርስቲያን ደጅ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም እዚህ የምደግመው አንባቢዬን ላስተምር ብዬ አይደለም፣ በኋላ "እኛ አላወቅንም ነበር" የሚሉ የተማሩ ሰዎች ስለሚመጡ አስቀድሜ መንገዳቸውን ልዘጋባቸው ብዬ ነው።

በአንዲት ነፋሻማና ጭጋጋማ የደጋ ከተማ፣ ስሟን መጥራት ለማንም ስለማይበጅ በማልጠራት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዚያም ግቢ የሥዕል ትምህርት ክፍልና የኪነ ሕንጻ ትምህርት ክፍል በአንድ አጥር ውስጥ እንደ ጣውንት ተኳርፈው ይኖሩ ነበር። የሕንጻዎቹ ልጆች በየዓመቱ ከካርቶን የተቆረጡ፣ ሰው ገብቶባቸው የማያውቅ ከተሞችን በጠረጴዛ ላይ ደርድረው "ዐውደ ርእይ" ይላሉ፤ የሥዕሎቹም ልጆች በሌላ አዳራሽ ከራሳቸው በቀር ማንም የማይጎበኘውን ሸራ ሰቅለው እነርሱም "ዐውደ ርእይ" ይላሉ። በዚህች በምንተርክላት ዓመት ግን መምህርት ውዳላት የተባለች፣ በሙያዋ ጥልቅ በጠባይዋ ቆራጥ የሆነች የሥዕል መምህርት፣ ሽማግሌ ሆና ሁለቱን ክፍሎች አስታረቀችና፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ባለው ሜዳ ላይ አንድ ክብ ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ልኩ ከቀርከሃና ከአቡጀዲ ይሠራ፣ የሕንጻዎቹ ልጆች አካሉን ያቁሙ፣ የሥዕሎቹ ልጆች በመካከሉ ያለውን የመቅደስ ግድግዳ ከነሥዕሉ በጨርቅ ላይ ይቅዱ፣ በዙሪያውም የየራሳቸውን ሥራ ይስቀሉ ብላ ወሰነች። ለአምሳያነት የተመረጠው የግራር አምባ ኪዳነ ምሕረት ነበር፤ ከተመራቂዎቹ አንዱ የሆነው ናሁ ሠናይ የዚያ ደብር ልጅ ነበርና፤ የመቅደሱንም ሥዕል በወጣትነታቸው የሣሉት የገዛ አባቱ መሪጌታ ክንፈ ሚካኤል ነበሩ።

ይህ ናሁ ሠናይ በአባቱ እግር ሥር ቀለም ሲበጠብጥ ያደገ፣ የመላእክትን ክንፍ ከፊደል አስቀድሞ የለየ ልጅ ነበር፤ ሥዕልን በዩኒቨርሲቲ ሊማር በተነሣ ጊዜ ግን አባትየው አልከለከሉትም፣ አልመረቁትምም። "ያላየሁትን አልመርቅም፤ ሠርተህ አሳየኝ፣ ያን ጊዜ ምርቃቴን ትቀበላለህ" ብለው ብቻ ሸኙት። የአባት ምርቃት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል፤ ይህን ብቻ ልበል፣ ባልንጀሮቹ ተመርቀው ስለሚይዙት ሥራ ሲጨነቁ ያ ልጅ የሚጨነቀው በራሱ ላይ ገና ስላላረፈች አንዲት የሽማግሌ እጅ ነበር፣ በዓል በመጣ ቁጥርም ሌላው ቤት ጉልበት ሲሳም እርሱ ጉልበት ስሞ ዝምታን ይዞ ይመለስ ነበር። ስለዚህም ለመመረቂያ ዐውደ ርእዩ ምን እንደሚሥል በተጠየቀ ጊዜ አንዳች ሳያመነታ "አባቴን" አለ።

በዕረፍቱ ወራት ወደ አገሩ ወርዶ፣ መሪጌታ በደጃፋቸው ተቀምጠው ዳዊት ሲደግሙ አንድ ጊዜ ከፊት አንድ ጊዜ ከጎን ሆኖ በእርሳስ ነደፋቸው፤ ከጎን በነደፋቸው ጊዜ የጠዋቱ ብርሃን በግንባራቸው ላይ ወርዶ፣ ሰልካካ አፍንጫቸውን ተከትሎ፣ በነጭ ጢማቸው ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ አየና ልቡ በዚያው ቀረ። ተመልሶም ሁለቱን ንድፎች ለመምህርት ውዳላት ቢያሳያት እርሷም "የጎኑ ይሻላል፤ በዚህኛው ላይ ክብር አለ" አለችው፣ እርሱም ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሸራ ወጥሮ፣ በፍቅርና በትጋት፣ አባቱን በጎን፣ በአንዲት ዓይን ሣላቸው። እንግዲህ ጉዱን ተመልከት! የሕጉ ባለቤት ልጅ፣ ሕጉን ከእናቱ ወተት ጋር የጠጣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ "ምን እየሠራሁ ነው" አላለም፤ መምህርቲቱም ስለዚሁ ሕግ ክፍል ቁማ ስታስተምር የኖረች ሴት ሆና ሳለ አላለችም። ሰው አባታችን ሆይን እየደገመ ልቡ ገበያ እንደሚውል ሁሉ፣ እነዚህም የአገራቸውን ሥርዓት በፈተና ጊዜ የሚጠየቅ ነገር አድርገውት ስለነበር በሥራ ጊዜ ትዝ አላላቸውም። ይባስ ብሎም ሥዕሎቹ ሲሰቀሉ፣ የሕንጻዎቹ ተማሪዎች ብርሃኑ ከምዕራቡ በር በደንብ የሚገባበትን ስፍራ ለክተው የመሪጌታን ሥዕል በዚያ አቆሙት፤ ያም ስፍራ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከተቀዳው ከጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ጋር፣ ከማዕዱም ጫፍ ላይ በጎኑ ዞሮ ከተቀመጠው ከይሁዳ ጋር ፊት ለፊት የሚተያይ ነበር።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ስለ ንግግሮቹ አልነግርህም፤ የክብር እንግዳው እንደ ልማዳቸው ዘግይተው መጡ፣ ዲኑ እንደ ልማዳቸው አስረዘሙ፣ ድምፅ ማጉያውም በየመካከሉ እያፏጨ ጆሮ በላ። በመጨረሻም ዲኑ፣ "የዚህ ሁሉ ጥበብ ምንጭ የሆኑት አባታችን በመካከላችን አሉ፤ አስቀድመው ይግቡ፣ ይመርቁልንም" ብለው ድምፅ ማጉያውን ለመሪጌታ ክንፈ ሚካኤል ሰጧቸው። ለዚህ ቀን ተብሎ ከሩቅ የመጡት እኒያ ሽማግሌ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አስተካክለው፣ ከቀርከሃው በር ሲደርሱ ቁመው ጫማቸውን አወለቁ፤ ከኋላቸው የነበሩ ተማሪዎች "አባባ፣ ይኼ እኮ እውነተኛው አይደለም" ብለው ፈገግ ቢሉም እርሳቸው "ስሟ ተጠርቶበት የለም?" ብለው በባዶ እግራቸው ገቡ። ናሁ ሠናይ በሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ጉልበታቸውን ስሞ ምርቃቱን ሊቀበል ነጠላውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነበር።

መሪጌታም በቀስታ ዞረው የገዛ እጃቸውን ሥራ በአቡጀዲ ላይ ተገልብጦ አዩና ራሳቸውን እየነቀነቁ "አቤት፣ አቤት" አሉ፤ ከማዕዱ ዘንድ ሲደርሱ ግን ዓይናቸውን ሰብረው አለፉ፣ ፊታቸውንም ወደ ሌላው ወገን መለሱ። በዚያ ወገን ደግሞ ራሳቸው ነበሩ። ግዙፍ ሆነው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ በጎናቸው ዞረው፣ በአንዲት ዓይን ከማዶ ያለውን ይሁዳ እያዩ፣ ይሁዳም በአንዲት ዓይኑ እርሳቸውን እያየ። ከሽማግሌው ፊት ደም ሲሸሽ የቆመው ሰው ሁሉ አየ፤ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ድምፅ ማጉያው ግን በሌላው እጃቸው ተጨብጦ ቀርቶ ነበርና የትንፋሻቸው መቆራረጥ በግቢው ሁሉ፣ ምሳ ለመብላት በተሰለፈው ተማሪ ጆሮ ሳይቀር ይሰማ ጀመር።

"ማን ነገረህ?" አሉት ልጃቸውን።

ናሁ ሠናይ ጥያቄው ስለ አሣሣሉ መስሎት፣ ጥቂትም እየተደሰተ፣ "መምህሬ ናት አባቴ፤ እንዲህ ቢሆኑ ይሻላል ያለችኝ እርሷ ናት" ብሎ መምህርት ውዳላትን አሳያቸው። መሪጌታም ወደ እርሷ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ የቢተው ምኑ ነሽ?" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። እርሷ ግራ ገብቷት "አባቴ፣ ቢተው የሚባል ሰው አላውቅም" አለች፤ ወዲያውም ሸራውን ቀና ብላ አየች፣ ቀጥሎ ይሁዳን አየች፣ እጇንም በአፏ ላይ ጫነች፤ ያስተማረችው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተመልሶ መጥቶባት ነበርና። ናሁ ሠናይም ያን ጊዜ ገባው፤ "ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ለብርሃኑ ብዬ ነው፤ ለብርሃኑ ብዬ እንጂ እኔ ምንም አላሰብሁም። ቢተውስ ማነው?" እያለ ይንተባተብ ጀመር።

እዚህ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከእኔ ጋር ጥቂት ቁም። ሽማግሌው በዚያች ሰዓት ማንም እንዳልነገረ፣ ማንም እንዳልከሰሳቸው፣ በዚያ ሕዝብ መካከል ከራሳቸው በቀር ነገሩን የሚያውቅ አንድ ነፍስ እንኳ እንደሌለ በግልጽ ተረዱ፤ "የእርጅና ነገር ነው ልጆቼ" ቢሉ ሁሉም ያምናቸው ነበር፤ "ምን ባደርግህ ነው እንዲህ የሣልኸኝ" ብለው ቢቆጡ ደግሞ ሕጉም ሕዝቡም ከእርሳቸው ጋር ነበር፣ ልጁም ተንበርክኮ ይለምናቸው ነበር። ሁለቱም በሮች ክፍት ነበሩ። እኔ ብሆን በየትኛው እንደምወጣ አውቃለሁ፣ አንተም ብትሆን ታውቃለህና አናስመስል። መሪጌታ ክንፈ ሚካኤል ግን ጥምጥማቸውን አውልቀው በክንዳቸው ላይ አኖሩና፣ ራሳቸውን ገልጠው፣ በሕዝቡ ፊት እንዲህ ብለው ተናገሩ፦

"ቢተው ጎረቤቴ ነበር። በአንድ ትልም ድንበር ተጣላን፤ ዳኛ ለእርሱ ፈረደለት። በዚያው ወራት ካህን የሚያጥንበት የደብሩ የብር ጽና ጠፋ። እኔ ያን ጊዜ የመቅደሱን ሥዕል እሥል ነበር፤ ከይሁዳ ላይ ስደርስ እጄ የቢተውን መልክ ሣለ። እጄ አልልም፤ እኔ ሣልሁ። የተቆረሰች ጆሮውን ሳይቀር ሣልኋት። ሕዝቡም አየና 'ለሠዓሊው በሱባኤ ተገልጦለታል፣ ሌባው ቢተው ነው' አለ፤ እኔም አልተገለጠልኝም አላልሁም። ሰው ከማዕዱ ለየው፣ እሳት የሚያጫጭረው ጠፋ፤ በመጨረሻ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቆላ ወረደ። ጽናው በኋላ ከዕቃ ቤቱ ክዳን ሥር ተገኘ። ሕዝቡ 'ፈርቶ መልሶት ነው የሄደው' አለ፤ አሁንም ዝም አልሁ። ማሳውን አረስሁት።" ከዚያም ወደ ልጃቸው ተመልክተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንተን ያሳደግሁህ በዚያ ማሳ እህል ነው።"

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ሽማግሌ ሆድ ግን ሲያሰክር የኖረ ጠላ ሁሉ አላወጣውም፤ ያወጣው በፍቅር የተሣለ ሥዕል ነው። በግቢው ላይ የወረደውን ድንጋጤ በቃል ልገልጸው አልችልም፤ ለምሳ የተሰለፉት ተማሪዎች ሳሕናቸውን እንደ ያዙ ቆመው ቀሩ፣ ዲኑ ሪባን የቆረጡበትን መቀስ የት እንደሚያኖሩት አጡ፣ የክብር እንግዳውም በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገሩት ጠፋባቸው። ናሁ ሠናይ ከሁሉ ይልቅ ደንግጦ ነበር፤ የበላው እንጀራ ሁሉ በጉሮሮው ተመልሶ የቆመ መሰለው። ያን ሸራ ሊያወርድ እጁን ቢሰድ አባትየው ክንዱን ያዙት። "አትንካው፤ ከሠራሃቸው ሁሉ ልክ የሆነው እርሱ ነው" አሉ። "ልመርቅህ ነበር የመጣሁት፤ ሥራህንም አየሁ፣ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የምመርቅበት አፍ የለኝም፤ ከእንግዲህ ከእኔ ምርቃት አትጠብቅ።" ይህን ብለው ድምፅ ማጉያውን ለዲኑ መልሰው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው ወጡ።

ልጁም ተከተላቸው። የመመረቂያ ካባውን የሚለብስበትን ቀን ትቶ፣ መምህርት ውዳላትም ዓይኗ ቀልቶ የይሁዳን ቅጂ ከአቡጀዲው ቆርጣ ጠቅልላ ሰጥታው፣ አባትና ልጅ ሰሊጥ ወደሚዘራበት ቆላ ወረዱ፤ ጠይቀው አጠያይቀውም የቢተውን ቤት አገኙ። ቢተው ግን ከሞተ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር፤ ያገኟት ሚስቱን ወይዘሮ እንጉዳይን ነበር። መሪጌታ ከደጇ ሳይደርሱ ትልቅ ድንጋይ አንሥተው በጫንቃቸው ላይ ተሸከሙ፣ እንደ አገሩ የይቅርታ ሥርዓትም ድንጋዩን እንደ ተሸከሙ በፊቷ ተንበርክከው ያን ሁሉ ቃል ደገሙላት። እርሷም እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ ድንጋዩን ከጫንቃቸው ሳታወርድ፣ አንቱታውንም ትታ፣ "ለራሴ ይቅር ብዬሃለሁ፤ የእርሱን ግን ከእርሱ ጠይቅ" አለቻቸው። መሪጌታም፣ "ካሳ የለኝም፤ ማሳው የልጆቹ ነው፣ እርሱን እመልሳለሁ፣ ለደብሩም ሕዝብ ይህንኑ ቃል እናገራለሁ። ያንንም ሥዕል ከግድግዳው ላይ ፍቄ አጠፋዋለሁ" አሉ።

"አትፋቀው" አለች ወይዘሮ እንጉዳይ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩዋት።

"ቢተው ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም። ሲሞት ልጆቼ ገና ነፍስ አላወቁም ነበር፤ አባታችን ምን ይመስላል እያሉ ሲጠይቁኝ አድገዋል። በዚህ ምድር ላይ የባሌ መልክ ያለው አንተ ባዋረድህበት ግድግዳ ላይ ብቻ ነው፤ እርሱንም ልታጠፋብኝ ነው የመጣኸው?"

መሪጌታ በድንጋዩ ሥር ሲያለቅሱ፣ ናሁ ሠናይ የተጠቀለለውን ጨርቅ አውጥቶ በመደቡ ላይ ዘረጋው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ብዙ ጊዜ አየች፤ ጣቷንም በተቆረሰችው ጆሮ ላይ አኖረች። ልጁ በማግስቱ አዲስ ጨርቅ ወጥሮ፣ ያችን የጎን ገጽ ወደ ፊት መልሶ ሊሥል ጀመረ፤ ይሁን እንጂ ያላየውን ግማሽ ፊት ከየት ያምጣው? ያን ጊዜ አባትየው ከጥግ ሆነው ተናገሩ፤ "ግራ ዓይኑ ከቀኙ ጥቂት ታንስ ነበር። ሲስቅ አስቀድማ የምትከደን እርሷ ነበረች። ከቅንድቡ ሥር የእሾህ ጠባሳ ነበረው።" የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው፤ እኒህ የወጉ ሰው ግን የወጉትን ፊት አንድ ሽፋሽፍት ሳያጎድሉ በልባቸው ተሸክመውት ኖረው ነበር፣ ሚስትየውም "እርሷንስ እኔም ረስቻት ነበር" አለች። ዓይኒቱ ተሥላ ባለቀች ጊዜ ወይዘሮ እንጉዳይ ከሥዕሉ ፊት ቆማ "እርሱ ነው" አለች፤ ልጆቿንም ጠርታ አሳየቻቸው። ከዚያም ናሁ ሠናይን አስጎንብሳ ሁለት እጆቿን በራሱ ላይ ጫነች፤ "እጅህን ይባርከው፣ ዓይንህን ያብራልህ፣ ወልደህ ሳም፣ ከክፉ ይሰውርህ" እያለች እርሱ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ምርቃት በማኅፀኗ እንደ ወለደችው ልጅ መረቀችው። መሪጌታ ክንፈ ሚካኤል ከበሩ ዳር ቆመው "አሜን" አሉ፤ ከልጃቸው ምርቃት የደረሳቸው ይህችው አንዲት ቃል ነበረች። ያ ግዙፍ ሥዕላቸው ዛሬ በቤታቸው በመኝታቸው ትይዩ ተሰቅሏል፤ ልጃቸው ወደ ፊት መልሶ ሊሥላቸው ደጋግሞ ቢለምናቸውም "እንዳለ ይኑር" ብለው ከለከሉት፤ ከባልንጀራ ገጽ የተነፈገች ዓይን አትጠፋምና፣ ነፋጊዋን ስትመለከት ትኖራለች።